ሰባ ሺህ ወፎችና አንድ ክንፍ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ይቀንሳል)

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሞቱ እንስሳት ነው። ሆዳቸው በጥጥ ተሞልቶ መሳቢያ ውስጥ ስለተደረደሩ ወፎች፣ አልኮል ውስጥ ስለተነከሩ እንቁራሪቶች፣ ውስጣቸው ስለፈሰሰ የእንቁላል ቅርፊቶች። በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሞች መጋዘን ውስጥ ስላሉት ናሙናዎች ማለቴ ነው። ሙዚየም ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው መስታወት ሣጥን ውስጥ ቆሞ ወደሚታየው አንበሳ ነው። ለጎብኚ የሚቀርበው ግን ካለው ሁሉ እጅግ ጥቂቱ ነው፤ የቀረው ከጀርባ ባሉ ክፍሎች ተቆልፎ ይኖራል። በ2023 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በ28 አገሮች ያሉ 73 ታላላቅ ተቋማት ያላቸውን ስብስብ ቢደምር ከ1.1 ቢሊዮን በላይ ናሙና ሆነ። ይህን ያህል የሞተ ነገር ማስቀመጥ ምን ይጠቅማል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ዛሬ መልሱን ተመራማሪዎች በቅርብ ዓመታት ካገኟቸው ነገሮች ውስጥ እንፈልጋለን። የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

መጀመሪያ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ቺካጎ ልውሰዳችሁ። ከተማዋ የተቆረቆረችው ሚሺጋን ሐይቅ ዳር ነው። በዚያ በኩል በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ወፎች ያልፋሉ፤ ብርዱ ሲለቅ ለመራባት ወደ ሰሜን፣ ብርዱ ሲገባ ደግሞ ወደ ደቡብ። አብዛኞቹ ትናንሽ ወፎች የሚጓዙት ሌሊት ነው። የከተማ መብራት ከመንገዳቸው ይስባቸዋል፤ መስታወት ደግሞ ክፍት ቦታ ይመስላቸዋል። ይጋጩና ይሞታሉ። ሐይቁ ዳር ማኮርሚክ ፕሌስ የተባለ ግዙፍ የጉባኤ ማዕከል አለ፤ ከሕንፃዎቹ አንዱ ዙሪያው መስታወት ነው።

በ1978 ዴቪድ ዊላርድ የተባሉ በፊልድ ሙዚየም የወፎች ክፍል የሚሠሩ ባለሙያ፣ ወፎች ከዚያ ሕንፃ ጋር እየተጋጩ እንደሚሞቱ ከሰው ሰሙ። ሙዚየሙ ከሕንፃው ሩቅ አይደለም። አንድ ማለዳ ሄደው ዙሪያውን ቢቃኙ እውነትም የሞቱ ወፎች አገኙ፤ አንስተውም ወደ ሥራ ቦታቸው ይዘዋቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ወፎቹ በሚያልፉባቸው ወራት ማለዳ ማለዳ ወደ ሕንፃው መሄድ ልማድ ሆነ። ልማዱ ከአርባ ዓመት በላይ ቆየ፤ ባልደረቦቻቸውና በጎ ፈቃደኞችም እየተጨመሩበት ሄዱ።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ወፏን ይመዝናሉ። የክንፏን ርዝመት፣ የምንቃሯን ርዝመት፣ የታችኛውን የእግሯን አጥንት ይለካሉ። ዓይነቷን፣ ፆታዋን፣ የተገኘችበትን ቀን በእጃቸው መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ። ቀጥሎ ያለችውን ያነሣሉ። አድማጮች ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ እነዚያን ወፎች ሁሉ ለማለት ይቻላል የለኩት ያው አንድ ሰው፣ ዊላርድ ራሳቸው ናቸው። ሁለት ሰዎች አንድን ክንፍ ቢለኩ አንዱ ላባውን ጠበቅ አድርጎ ያስተኛዋል፤ ሌላው ላላ ያደርገዋል፤ ልኬቱም ይለያያል። በአርባ ዓመት ውስጥ የሚመጣው ለውጥ ደግሞ ከሚሊሜትር የማይዘል ሊሆን ይችላል። አንድ እጅና አንድ ዓይን ሲለካው ግን ለውጡ የወፏ እንጂ የለኪው አለመሆኑ ይታመናል።

በ2019 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በብራያን ዊክስ የሚመራ ቡድን መዝገቡን ተንትኖ ውጤቱን ይፋ አደረገ። ከ1978 እስከ 2016 የተለኩ 52 ዓይነት፣ 70,716 ወፎች ናቸው። ከ52ቱ ዓይነቶች አንዱም ሳይቀር የሰውነቱ መጠን የመቀነስ አዝማሚያ አሳይቷል። ለሰውነት መጠን መለኪያ የሚሆነው የእግር አጥንት በአማካይ በ2.4 በመቶ አጥሯል። ክንፋቸው ግን በተቃራኒው በ1.3 በመቶ ረዝሟል። ድንቢጦቹም ሌሎቹ ትናንሽ ዘማሪ ወፎችም፣ ዝምድናቸውና ኑሯቸው የተለያየ ሆኖ ሳለ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ሄዱ።

ምክንያቱ ምን ይሆን? ተመራማሪዎቹ ወፎቹ ከሚራቡበት አካባቢ የበጋ ሙቀት ጋር ሲያነጻጽሩት ሙቀቱ ከፍ ባለ መጠን ወፎቹ አነስ ብለው ተገኙ። ካርል በርግማን የተባለ ጀርመናዊ በ1847 ያስተዋለው አንድ ነገር ነበር፤ ተቀራራቢ ከሆኑ እንስሳት መካከል በብርዳም አገር ያሉት ገዘፍ፣ በሞቃት አገር ያሉት አነስ ይላሉ። ትንሽ ሰውነት ከክብደቱ አንጻር ሲታይ ሰፊ ቆዳ ስላለው ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል። በርግማን በቦታ ያየውን ልዩነት የቺካጎው መዝገብ በጊዜ አሳየን፤ ወፎቹ አገር ሳይለውጡ አገሩ ራሱ ሞቀባቸው። የክንፋቸው መርዘም ደግሞ፣ ተመራማሪዎቹ እንደሚያስረዱት፣ ማካካሻ ይመስላል። አነስ ያለ ሰውነት በሺህ የሚቆጠር ኪሎሜትር ለመብረር የሚያስችለው አቅም ያንሰዋል፤ ረዘም ያለ ክንፍ ድካሙን ያቀልለታል።

እኔ ከዚህ ሁሉ እጅግ የምደነቅበት ዊላርድ በ1978 የመጀመሪያዋን ወፍ ሲለኩ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ለማጥናት አለመነሣታቸው ነው። ማንም እንዲህ ብሎ አላዘዛቸውም። ወፍ ሞታ ስትገኝ መለካትና መመዝገብ የሙዚየም ሰው ወግ ነው፤ ወጉን አላጓደሉም። ጥያቄው ከአርባ ዓመት በኋላ ሲመጣ መልሱ ተሰብስቦ ቆየው።

እነዚያው ወፎች ሌላ ምስጢርም አውጥተዋል። ለምን አንዳንዱ ዓይነት በብዛት ይጋጫል፣ ሌላው ግን በዚያው መንገድ እያለፈ ይተርፋል? በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት በቺካጎና በክሊቭላንድ የተሰበሰቡትን መርምሮ፣ ሌሊት በበረራ ላይ ሳሉ በአጭር ድምፅ እርስ በርስ የሚጠራሩት ዓይነቶች ይበልጥ እንደሚሞቱ አሳየ። መብራት ያሳሳታት አንዷ ስትጮህ ሌሎቹን ወደ አደጋው ትጠራቸዋለች ማለት ነው። በ2021 የወጣ ሦስተኛ ጥናት ደግሞ በዚያ ሕንፃ መብራት የሚበራባቸው መስኮቶች ቢቀነሱ የወፎቹ ሞት በ60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሰላ። ይህ ሁሉ እየታወቀ በጥቅምት 2023 መጀመሪያ አንዲት ሌሊት ብቻ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ወፎች በዚያው ሕንፃ ሥር ረግፈው አደሩ። በቀጣዩ ዓመት መስታወቱ ላይ ወፎች ሊያዩት የሚችሉ ትናንሽ ነጠብጣቦች ያሉበት ስስ ልባስ ተለጠፈ፤ ሞቱም በ95 በመቶ ገደማ ወረደ። መድኃኒቱ ይህን ያህል ቅርብ ኖሯል። ቆጥሮ ያስቀመጠ ባይኖር ግን ጉዳቱም መፍትሔውም በቁጥር ባልታየ ነበር።

በዚሁ በፊልድ ሙዚየም ሌሎች ሁለት ወጣት ተመራማሪዎች በ2017 ያወጡትን ሥራም ላንሣ። ሼን ዱቤይ የወፍ ተመራማሪ ነው፤ ካርል ፉልድነር ደግሞ የፎቶግራፍና የሥዕል ታሪክ ያጠና። መሳቢያ ስቦ የድሮ ወፍ የነካ ሁሉ ጣቱ እንደሚጠቁር የሙዚየም ሰዎች ያውቁ ነበር። ጥቁሩ ምንድን ነው? ጥላሸት ነው፤ የድንጋይ ከሰል ጭስ። ሁለቱ ሰዎች በአሜሪካ የፋብሪካ ቀበቶ ከሚኖሩ፣ ሆዳቸው ነጣ ካለ አምስት የወፍ ዓይነቶች፣ በ135 ዓመታት ውስጥ የተሰበሰቡ ከአንድ ሺህ በላይ ወፎችን በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ አነሱና ላባው ምን ያህል ብርሃን እንደሚመልስ ለኩ። ወፎች ላባቸውን በየዓመቱ ስለሚቀይሩ በአንዲት ወፍ ላይ ያለው ጥላሸት የአንድ ዓመት ነው። ስለዚህ መሳቢያው የአየር ብክለት የዓመት በዓመት መዝገብ ሆኖ ተገኘ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ወፎቹ ከሰል ይመስላሉ፤ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ፋብሪካዎች ሲዘጉ ይነጣሉ፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ መልሰው ይጠቁራሉ፤ የጭስ ሕጎች ከወጡ ወዲህ ደግሞ ጸዱ። በዚያ በመጀመሪያው ዘመን የአየር መለኪያ መሣሪያ አልነበረም። ጥናቱ ያ ዘመን ቀድሞ ከተገመተው በላይ ጥላሸታም እንደነበር አመለከተ፤ ጥላሸት አየሩን ከሚያሞቁት ነገሮች አንዱ ስለሆነም፣ ግኝቱ የአየር ንብረትን ለሚያሰሉ ሳይንቲስቶች ጠቃሚ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ቀጥዬ የማነሣው ታሪክ ቆየት ያለ ነው። ሙዚየም ለምን ያስፈልጋል ብሎ ለሚሟገት ግን ከዚህ የበረታ ማስረጃ ስለማላውቅ ልዘለው አልቻልኩም።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በብሪታንያ ርግብ አርቢዎች ፔሬግሪን የተባለው ጭልፊት ርግቦቻችንን ፈጀብን ብለው አቤት አሉ። እስኪ ጭልፊቱ ይቆጠር ተባለ። ዴሬክ ራትክሊፍ የተባሉ የተፈጥሮ ጥበቃ ተመራማሪ የመሩት ቆጠራ ያሳየው የአቤቱታውን ተቃራኒ ነበር፤ ጭልፊቱ ከብዙ ገደል ጠፍቷል፤ ያለውም ጫጩት አያወጣም። ራትክሊፍ በየጎጆው የተሰበሩ እንቁላሎች አይተው ነበር። ጥያቄያቸው ይህ ሆነ፦ እነዚህ እንቁላሎች ድሮም እንዲህ ይሰበሩ ነበር?

ድሮን ለመጠየቅ የድሮ እንቁላል ያስፈልጋል። በብሪታንያ የዱር ወፍ እንቁላል መሰብሰብ የብዙ ሰው የትርፍ ጊዜ ሥራ ነበር፤ በ1954 የወጣ ሕግ እስኪያግደው ድረስ። በሙዚየሞችና በግለሰቦች እጅ ቀንና ቦታ የተጻፈባቸው ብዙ ባዶ ቅርፊቶች ነበሩ። ራትክሊፍ ቅርፊቶቹን እየመዘኑ ከእንቁላሉ ስፋት ጋር አነጻጸሩ። ለአሥርተ ዓመታት ሳይለወጥ የኖረው ውፍረት ከ1947 ጀምሮ ድንገት ሳስቶ አገኙት፤ ቅርፊቱ በአማካይ በ19 በመቶ ገደማ ቀልሏል። ውጤቱ በ1967 ታተመ። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ተመራማሪዎች በራሳቸው ሙዚየሞች እንቁላል ያንኑ አረጋገጡ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በእርሻ ላይ በሰፊው መረጨት የጀመረው ምን ነበር? ዲዲቲ። መርዙ ከነፍሳት ወደ ትናንሽ ወፎች፣ ከትናንሽ ወፎች ወደ ጭልፊቱ እየተከማቸ ይወጣል፤ በእናቲቱ ሰውነት ውስጥም ካልሲየም ወደ ቅርፊቱ እንዳይደርስ ያውካል። እንቁላሉ ታቅፋው ሳለ በክብደቷ ይሰነጠቃል። በእኛ አገር ዲዲቲ የወባ ትንኝ ለመከላከል ለብዙ ዓመታት በቤት ግድግዳ ላይ ሲረጭ የኖረ ስለሆነ ስሙ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደለም። ግድግዳ ላይ በልክ መርጨትና ማሳ ላይ በገፍ መድፋት አንድ አለመሆናቸውንም መናገር ይገባል። አሜሪካ በ1972 በእርሻ ላይ መርጨቱን አገደች። ጭልፊቱም አገገመ፤ በ1999 አሜሪካ የመጥፋት አደጋ ካለባቸው እንስሳት ዝርዝር አወጣችው።

እዚህ ላይ ትኩረታችሁን ወደ መለያ ጽሑፉ ልመልሰው። ራትክሊፍን የረዳቸው እንቁላሉ ብቻ አይደለም፤ እንቁላሉ ላይ በቀለም የተጻፈው ቀንና ቦታ ነው። መለያ የሌለው ናሙና ቀንና ፊርማ እንደሌለው ውል ነው፤ የትም አያቆምም። ስለዚህ ነው ጥሩ የሙዚየም ሰው ወፏን ከማድረቁ በፊት ትንሿን ካርድ ጽፎ እግሯ ላይ የሚያስረው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አርባ ምንጭ አጠገብ፣ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በስተምሥራቅ ያለውን የነጭ ሳር ሜዳ ታውቁታላችሁ። በ1990 ከካምብሪጅ የመጣ የጥናት ቡድን በዚያ ሜዳ ሲዘዋወር መንገድ ላይ አንዲት የሞተች ወፍ አገኘ። ፈረንጆቹ ናይትጃር ከሚሏቸው ወገን ናት፤ ቀን መሬት ላይ ተጋድመው አፈር መስለው የሚውሉ፣ ሲመሽ እየበረሩ ነፍሳት የሚይዙ ወፎች ናቸው። ሌሊት መንገድ ላይ ማረፍ ስለሚወዱ መኪና ይጨፈልቃቸዋል። የተገኘችው ወፍ በስብሳ ነበርና ቡድኑ ይዞ የተመለሰው አንድ ክንፏን ብቻ ነው።

ክንፉ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ፣ የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የወፍ ስብስቡን በሚያስቀምጥባት ትሪንግ በተባለች ከተማ፣ ከታወቁት የናይትጃር ዓይነቶች ጋር ጎን ለጎን ተተያየ። የክንፉ መጠን፣ የነጩ ምልክት ቦታ፣ የላባው ቀለም ከአንዳቸውም ጋር አልገጠመም። በ1995 ኢትዮጵያዊ ባለሙያም በተሳተፈበት ጽሑፍ፣ ለሳይንስ አዲስ የወፍ ዓይነት ሆና ካፕሪሙልጉስ ሶላላ ተባለች፤ በተለምዶ የነጭ ሳር ናይትጃር ይሏታል። አንዲት ወፍ በአንድ ክንፍ ብቻ ወደ ሳይንስ መዝገብ ገባች። ከዚያ በኋላ አየናት ያሉ የወፍ አጥኚዎች አሉ፤ ሙሉ አካሏ ግን በየትኛውም መሳቢያ ውስጥ የለም።

ይህን ታሪክ የሰሙ አንዳንድ ሰዎች በአንድ ክንፍ እንዲህ ማለት ድፍረት አይደለም ወይ ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ክንፉ ብቻውን አልተናገረም። ከአፍሪካና ከሌላም ዓለም በመቶ ዓመታት የተሰበሰቡ ክንፎች በአንድ ክፍል ስለተገኙ ነው ልዩነቱ የታየው። ያ ስብስብ ባይኖር ክንፉ የበሰበሰ ላባ ሆኖ ይቀር ነበር።

የእንቁራሪቶቻችን ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይልቅ ውስብስብ ነው፤ ትንሽ ታገሡኝ። ለአንድ እንስሳ ሳይንሳዊ ስም ሲወጣለት ስሙ ከአንድ ከተወሰነ ናሙና ጋር ይታሰራል። ያ ናሙና የስሙ መሠረት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ይህ እንስሳ በእርግጥ ያ ነው ወይ የሚል ክርክር ቢነሣ ዳኛው እሱ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ረግረጋማ ሣር ውስጥ የሚኖሩ፣ ሌላ አገር የማይገኙ የሣር እንቁራሪቶች አሉን። እርስ በርስ በጣም ይመሳሰላሉ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከ1899 ጀምሮ ኦስካር ኖይማንና ባሮን ካርሎ ፎን ኤርላንገር የተባሉ ጀርመናውያን ከሐረር እስከ ደቡብ ሲጓዙ ብዙ እንስሳት ሰብስበው ነበር። ከሰበሰቧቸው እንቁራሪቶች መካከል ሁለቱ በ1924 በበርሊን ሙዚየም በሁለቱ ሰዎች ስም ተጠሩ። ከዚያ በኋላ የመጡ አጥኚዎች ሜዳ ላይ ያገኙትን እንቁራሪት ሁሉ በእነዚህና በጥቂት ሌሎች ስሞች ሥር አሰፈሩ። በአልኮል ውስጥ መቶ ዓመት የቆየ እንቁራሪት ግን ቀለሙ ይጠፋል፣ ይጨማደዳል፤ በዓይን አይቶ ይህ ያኛው ነው ማለት ያስቸግራል።

እንግዲህ በአቡ ዳቢ በሚገኘው የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሁለት ነገር አደረጉ። አንደኛ፣ ባሌን፣ አርሲን፣ ሌላውንም ደጋ በክረምት ዝናብ እየዞሩ የእንቁራሪቶቹን ጩኸት ቀዱ፣ መጠናቸውን ለኩ፣ ዘረመላቸውን አነበቡ። ሁለተኛ፣ ሙዚየሞች ውስጥ ካሉት የስም መሠረት ናሙናዎች ከአንዳንዶቹ ጥቂት ሥጋ ወስደው ከዚያ ያረጀ ሥጋ ውስጥ ዘረመል አወጡ። ይህ ከጥቂት ዓመታት በፊት የማይታሰብ ነበር። በአሮጌ ናሙና ውስጥ ያለው ዘረመል ተቆራርጦ ብናኝ ሆኗል፤ የዛሬ መሣሪያዎች ግን ብናኙን በሚሊዮን እያነበቡ ይገጣጥሙታል። ውጤቶቹ በ2021 ወጡ። አንዳንዱ ስም ለዓመታት ያለ ቦታው ተለጥፎ ኖሯል። ስሞቹ ወደየባለቤታቸው ሲመለሱ ስም የሌላቸው እንቁራሪቶች ተረፉ፤ አራት ዓይነቶችም አዲስ ስም አገኙ። አንዷ በባሌ በሮቤ ከተማ ስም ተጠርታለች።

ነገሩ የስም ጨዋታ አይደለም። በሰፊው ደጋ ሁሉ የምትገኝ አንዲት እንቁራሪት አለች ብለን ካሰብን አንድ ረግረግ ቢደርቅ አያስጨንቀንም፤ ሌላ ቦታ አለች እንላለን። እውነቱ ግን በአንድ ተራራ ብቻ የምትኖር ከሆነች ያ ረግረግ ሲታረስ እሷም ታበቃለች።

እነዚህ ናሙናዎች ለምን በርሊንና ለንደን ይኖራሉ የሚል ጥያቄ በልባችሁ ሳይመላለስ አልቀረም። እኔም ይመላለስብኛል። በዚያ ዘመን ሰብሳቢው ማንንም ሳይጠይቅ ይዞ ይሄድ ነበር። ዛሬ ግን ኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብት የሚገኝበትን መንገድ የሚወስን ሕግ አላት፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998 በእኛው አቆጣጠር የወጣ ነው። ማንም ተመራማሪ ያለ ፈቃድ እንቁራሪት ይዞ ከአገር መውጣት አይችልም። ይህ ትክክል ነው። የቀድሞዎቹን በተመለከተ ቢያንስ ፎቶግራፋቸው፣ ልኬታቸውና ዘረመላቸው ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች በነጻ ክፍት ሊሆን ይገባል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ።

ሙዚየም ውስጥ ያለ ሁሉ የታወቀ ነው ማለትም አይደለም። ክሪስቶፈር ሄልገን የተባሉ የአጥቢ እንስሳት ተመራማሪ በደቡብ አሜሪካ ዛፍ ላይ ስለሚኖር ኦሊንጎ ስለተባለ እንስሳ ሲያጠኑ፣ በቺካጎው ፊልድ ሙዚየም አንድ መሳቢያ ሳቡ። በውስጡ ያገኙት ናሙና ቆዳው ቀላ ያለ፣ ጸጉሩ የበዛ፣ የራስ ቅሉም ለየት ያለ ነበር። ማንም ስም አላወጣለትም። የተሰበሰበበት ቦታ በካርዱ ላይ ስለነበረ ባልደረቦቻቸውን ይዘው በ2006 ወደ ኢኳዶር ጉም ለባሽ ተራሮች ሄዱ፤ እንስሳውንም በሕይወቱ አገኙት። በ2013 ኦሊንጊቶ ተብሎ ይፋ ሆነ። በኋላ ሲጣራ አንዲት ኦሊንጊቶ በአሜሪካ የእንስሳት መጠበቂያዎች ውስጥ ለዓመታት ኖራ ነበር፤ ኦሊንጎ መስላቸው ከኦሊንጎዎች ጋር ሊያራቧት ከቦታ ቦታ ቢያዘዋውሯትም እምቢ ብላለች። ዓይነቷ ሌላ ስለሆነ ነበር።

እንዲህ ያለው መቆየት የተለመደ ነው። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ2012 እንዳሰሉት አንድ አዲስ ዓይነት ከተሰበሰበ በኋላ ስም እስኪያገኝ በአማካይ 21 ዓመት መደርደሪያ ላይ ይቆያል። ቻርልስ ዳርዊን በ1832 አርጀንቲና ውስጥ የያዘው ጥንዚዛ ስም ያገኘው በ2014 ነው። ችግሩ የናሙና እጥረት ሳይሆን የአጥኚ እጥረት ነው። ምስጦችን፣ ሸረሪቶችን፣ ትሎችን ለይቶ የሚያውቅ ሰው በዓለም ሁሉ እያነሰ ነው።

የቆየ ነገር ደግሞ ሊቃጠል ይችላል። መስከረም 2 ቀን 2018 ሌሊት፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር፣ የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም በእሳት ወደመ። ሙዚየሙ በተመሠረተ በ200ኛ ዓመቱ ነበር። ሃያ ሚሊዮን ገደማ ከሚሆነው ስብስብ አብዛኛው ጠፋ፤ የነፍሳቱ ክፍል ብቻ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ናሙና ነበረው። የአማዞን ጫካ በመቶ ዓመት ውስጥ ምን እንደሆነ ሊነግሩን ይችሉ ከነበሩት ውስጥ ብዙዎቹ በአንድ ሌሊት አመድ ሆኑ። ለሙዚየም የእሳት መከላከያ በጀት ሲጠየቅ ቅንጦት የሚመስላቸው ሹማምንት በየአገሩ አሉ፤ የብራዚሉ ሌሊት ግን ዋጋውን አሳይቷል።

እኛም የሚጠበቅ ነገር አለን። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ግቢ የእንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ፤ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ደግሞ የደረቁ ዕፅዋትን ይይዛል። ከ1980 እስከ 2009 የተሠራውና የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት በተከታታይ ቅጾች የዘረዘረው ትልቅ ሥራ የተመሠረተው በእንዲህ ያሉ የደረቁ ቅጠሎች ላይ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ አራት ኪሎ ሂዱ። መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን ውሰዱ፤ ካርዶቹንም እንዲያነቡ አድርጉ።

ከመሰናበቴ በፊት አንድ ተግባራዊ ነገር ልንገራችሁ። በየዓመቱ ከአውሮፓና ከእስያ ብዙ ወፎች የአገራቸውን የብርድ ወራት ለማሳለፍ ወደ ኢትዮጵያ ይመጣሉ። ከእነዚህ የአንዳንዶቹ እግር ላይ ቀላል የብረት ቀለበት ታገኙ ይሆናል። ቀለበቱ ላይ ቁጥርና አድራሻ ተቀርጿል፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ የአንድ ሙዚየም ወይም የወፍ ምርምር ጣቢያ ነው። ለስለላ ወይም ለሌላ ክፉ ነገር የታሰረ አይደለም። እንዲህ ያለች ወፍ በሕይወት ካገኛችሁ ቀለበቱን አታውልቁ፤ የተቀረጸውን ፊደልና ቁጥር በሙሉ ጽፋችሁ ልቀቋት። ሞታ ካገኛችኋት በባዶ እጅ አትንኳት፤ የወፍ ጉንፋን ሊኖር ይችላል። ከአጠገቧ እስክሪብቶ አስቀምጣችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሷት፤ መጠኗ ይታወቃል። ከዚያም ቀበሌውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን ጻፉና ለዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ወይም በአቅራቢያችሁ ላለው የዱር እንስሳት ጥበቃ ጽሕፈት ቤት አድርሱ።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ንቦች እንነጋገራለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)